ሁለቴ ብልጭ ያለው ስም

ሬይኖ ካንጋስ ገና ልጅ ሳለ በሰሜን አሜሪካ ያለው ሱፒሪየር ሐይቅ ሊወስደው ነበር። ታላቅ ወንድሙን ኡርሆን አስቀርቶ እሱን መለሰው።

ነገሩ የሆነው በመጋቢት ነው። ላህቲ ቤይ በምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ፊት ያለው ውሃ በብርዱ ወራት ሁሉ ረግቶ ይሰነብታል፤ ሰው ይሄድበታል፣ መኪና ሳይቀር ይነዳበታል። ሁለቱ ወንድማማቾች በረዶውን በብረት መብሻ በስተው፣ መንጠቆ ጥለው፣ ጀርባና ጀርባ ተደጋግፈው ተቀምጠው ነበር። ነፋሱ መዞሩን አላስተዋሉም። ኡርሆ ቀና ሲል የባሕር ዳሩ ዛፎች ከወትሮው ርቀው ታዩት። የቆሙበት በረዶ ከየብሱ ተገንጥሎ እንደ ታንኳ እየሄደ ነበር።

ጮኹ። ቤታቸው ከነጭሱ ይታያቸዋል፤ እናታቸው ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ስትገባ እንኳ ለይተዋታል። ድምፃቸው እስኪዘጋ ጮኹ። ከዚያ በረዶው እግራቸው መካከል ተሰነጠቀና ኡርሆ በአንዱ፣ ሬይኖ በሌላው ላይ ቀሩ። ጭጋግ ወርዶ ሳይሸፍናቸው በፊት ኡርሆ አፉን በእጁ ከልሎ፣ “አትጩህ! ድምፅህን ትጨርሳለህ። እኔ በብረቱ ሁለት ሁለቴ እመታለሁ፤ እስከሰማኸኝ ድረስ አለሁ ማለት ነው!” አለው።

መታም። ጭጋጉ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ዝም ይላል፤ ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ። ሬይኖ ያን እያዳመጠ፣ እንቅልፍ እንዳይወስደው ምላሱን እየነከሰ ቆየ። ድምፁ እየራቀ ሄደ እንጂ መቼ እንደቆመ አያውቅም። ነፋሱ ተመልሶ የእሱን በረዶ ወደ ውሃው ከወጣ የድንጋይ ሹል ጋር ሲያላትመው፣ መረቡን ሊያይ የወጣ አጥማጅ አገኘው። ኡርሆ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ብዙ ዓመት ቆይታ፣ ልትሞት ስትል፣ እናቱ አንድ ቀን ከአልጋዋ ሆና፣ “ያን ቀን ሰምቼ ነበር” አለችው። “ድምፅ ሰምቻለሁ። የውሃ ወፍ መስሎኝ ብርዱ እንዳይገባ በሩን ዘጋሁ።” ሬይኖ እጇን ያዘ።

ሬይኖ አድጎ በእንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ ሠራ፤ አይሊ የምትባል ቀልደኛ ሴት አገባ፤ ልጆች አሳድጎ ወደ ከተማ ሸኘ። ሬዲዮ ማዳመጥ የጀመረው ግን ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። የመጀመሪያው ስካነሩ፣ ማለትም የሰው የሬዲዮ ንግግር ማዳመጫው፣ የፖሊስን፣ የእሳት አደጋን፣ የበረዶ ጠራጊዎችን ወሬ ብቻ የሚይዝ ቀላል ሳጥን ነበር። የአካባቢው ሰው ሁሉ በወጥ ቤቱ ጥግ እንዲህ ያለ ሳጥን አለው፤ የማን መኪና ከመንገድ እንደወጣ፣ የማን ምድጃ እንደተቃጠለ ጋዜጣ ሳያወጣው ይሰማል። ሌላው ለወሬ ያዳምጣል። ሬይኖ ለምን እንደሚያዳምጥ ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ካረጀ በኋላ አገሩ የሬዲዮውን ሥርዓት ሁሉ ለወጠ። ድሮ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ መስመር ነበረው። አሁን እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ቁጥር የተሰጠው ቡድን ሆኖ ሁሉም ጥቂት መስመሮችን በጋራ ይጠቀማሉ፤ አንዱ ሊናገር ማይኩን ሲጫን ማሽኑ ባዶ ያገኘውን መስመር ይሰጠዋል፣ ሲለቅ ይቀማዋል። ጥያቄው በአንዱ መስመር ሄዶ መልሱ በሌላው ይመጣል። የሬይኖ አሮጌ ሳጥን የተቆራረጠ ጩኸት ብቻ ማሰማት ጀመረ። የመንደሩ ሰው ስካነሩን ቆሻሻ ላይ ሲጥል ሬይኖ አዲሱን ዓይነት ገዛ። ይኼኛው የእያንዳንዱን የሬዲዮ ማማ መሪ መስመር ሳያቋርጥ ያዳምጣል፤ “እንዲህ የተባለው ቡድን አሁን እዚህ ላይ ነው” የሚለውን ትእዛዝ ይሰማና ተናጋሪዎቹን ከመስመር መስመር እየተከተለ ይሮጣል።

ችግሩ፣ ማንን መከተል እንዳለበት አንድ በአንድ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ሬይኖ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም ነበር። ያን የብርድ ወራት ሙሉ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ተማረ። የማማዎቹን መሪ መስመር አስገባ፤ የየቡድኑን ቁጥር አስገባ፤ አንዱን አሳስቶ ሌላውን አበላሸ፤ ደመሰሰና እንደገና ጀመረ።

“ምነው፣ እኔን ስታጭ እንዲህ አልለፋህም” ትለዋለች አይሊ።

“አንቺ መመሪያ መጽሐፍ አልነበረሽማ።”

“ነበረኝ። አላነበብከውም።”

የስካነር ወዳጆች አንድ ልማድ አላቸው። እያንዳንዱ መነጋገሪያ ሬዲዮ በተጫኑት ቁጥር የራሱን መለያ ቁጥር ይልካል። አዳማጩ የተናጋሪውን ድምፅ ለይቶ ካወቀ፣ በዚያ ቁጥር ፈንታ የሰውየውን ስም ይጽፋል። ከዚያ ወዲያ ሰውየው በተናገረ ቁጥር ስሙ በስካነሩ ፊት ላይ ብልጭ ይላል። ሬይኖ በመንገድ ክፍሉ ቡድን ውስጥ መጀመሪያ የጻፈው ስም “ክላይድ” የሚል ነው።

ክላይድ ትሬቫሮ በረዶ ጠራጊ መኪና ነጂ፣ የልብ ጓደኛው ነበር። ስለ ኡርሆ ከአይሊ ሌላ የነገረው ሰው እሱ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ሳውና በሚሉት የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ጨለማው ውስጥ ላብ እያጠባቸው። ክላይድ ሰምቶ የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ደፋና እንፋሎቱ ሲነሣ ወሬ ለወጠ። በማግስቱ ግን በሬይኖ ቤት በኩል መንገዱን እየጠረገ ሲያልፍ ምንም ሳይናገር ማይኩን ሁለቴ ተጫነ። ስካነሩ ላይ ስሙ ሁለቴ ብልጭ አለ። ስካነር ጆሮ እንጂ አፍ የለውም፤ ሬይኖ በሬዲዮ ሊመልስለት አይችልም። መጋረጃውን ገልጦ እጁን አነሣለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክላይድ ባለፈ ቁጥር እንዲህ ያደርግ ነበር። ስለ ነገሩ ግን አንድም ቀን አልተነጋገሩም።

ክላይድ ባለፈው ጸደይ ልቡ ቆሞ ሞተ። መኪናውን መጠባበቂያ ብለው የመንገድ ክፍሉ ጋራዥ ጥግ አቆሙት። በዚያው ዓመት የመንገድ ክፍሉ ወደ አዲስ ቡድን ተዛወረና አሮጌውን ቡድን የሚያዳምጠው ጠፋ። ደንበኛ አዳማጭ እንዲህ ሲሆን አሮጌውን ይደመስሳል፤ ባዶ ቡድን ሲጠብቅ ስካነሩ ጊዜ ያባክናልና። ሬይኖ ቡድኑንም ስሙንም አልደመሰሰም።

“የሞተ ሰው ስካነርህ ውስጥ ያለ ኪራይ አስቀምጠሃል አሉ” አለው ሉሲየን። ሉሲየን እንደ እሱ አዳማጭ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ምግብ ቤቱ ውስጥ ተገናኝተው ድንችና ሥጋ የታጠፈበትን ፓስቲ እየበሉ ይከራከራሉ።

“አይረብሽም። ዝምተኛ ነው።”

“ዝምተኛ? ክላይድ? ይኼኔ እዚያም አላስተኛቸውም!”

አንድ ቅዳሜ ግን ሬይኖ ፊቱ በርቶ ገባ። “ክላይድ አየር ላይ ወጣ!” አለ። “ዛሬ ጠዋት። ስሙ ብልጭ አለ፤ በዓይኔ አየሁት!” ሰው ሳቀ። ሉሲየን ባለሙያዎቹ የቆመውን ሬዲዮ ሲፈትሹ መሆን አለበት አለው፤ እውነቱም ያው ነበር። ሬይኖ አብሮ ሊስቅ ዞር ሲል የክላይድ ልጅ ማርሊስ ከኋላው ምግቧን ለመቀበል ቆማለች። ምግቧን ሳትቀበል ወጣች። በማግስቱ ቤቱ ድረስ መጥታ፣ ኮቷን ሳታወልቅ በር ላይ ቆማ እንዲህ አለችው፦

“ጋሽ ሬይኖ፣ እወድዎታለሁ። ግን የአባቴን ስም ከሬዲዮ ጋር ሁለተኛ እንዳያነሡብኝ። እኔ ሥራዬ እዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነው የምውለው። ድምፁን እየጠበቅሁ መዋል አልፈልግም።”

“ሁለተኛ አይለመደኝም” አለ ሬይኖ። ቃሉን ሰጣት። ማርሊስ የአደጋ ጥሪ ተቀባይ ናት፤ ፖሊሱንም፣ አምቡላንሱንም፣ የመንገድ ክፍሉንም በሬዲዮ የምታናግር እሷ ናት።

በጥር ወር አንድ ቀን ከሐይቁ ላይ የበረዶ ማዕበል ተነሣ። ገና ከቀትር በኋላ ነበር፤ ግን ቀኑ ብርሃን እንጂ ቀን አይመስልም። ሁሉም ነጭ ነው። በመስኮቱ በኩል አጥሩ የለም፣ መንገዱ የለም፣ ሰማይና ምድር የሚለያዩበት የለም። ነፋሱ እንኳ ሲጮህ ቆይቶ በመጨረሻ የሚሰማ አልመስል አለ። የመንገድ ክፍሉ ጠራጊዎቹን ሁሉ፣ “በቅርብ ያገኛችሁት መጠለያ ላይ ቁሙ” ብሎ አስቁሟቸው ነበር። ስካነሩ ጸጥ አለ። አይሊ ወንበሯ ላይ ሹራብ ትሠራለች።

ያን ጊዜ “ክላይድ” የሚለው ስም ብልጭ አለ። ጠፋ። ደግሞ ብልጭ አለ።

ድምፅ አልነበረውም። ሬይኖ የያዘውን ኩባያ ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

“ምን ሆንክ?” አለች አይሊ።

“ምንም።”

“ፊትህ እንደ ውጭው ሆኗል።”

ጠበቀ። ብዙም ሳይቆይ መጣ። ሁለቴ። አሁን ድምፁን ከፍ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ። ከመጀመሪያው ብልጭታ ጋር የሆነ ነገር ይሰማል፤ የተፈጨ፣ ውሃ ውስጥ ያለ የሚመስል፣ ሰውም ነፋስም ያልሆነ። ሁለተኛው ባዶ ነው።

ሬይኖ በመናፍስት የሚያምን ሰው አልነበረም። ሲፈራ እጁን ሥራ የሚያስይዝ ሰው ነው። ስለዚህ ሥራ ያዘ። መጀመሪያ ራሱን ጠረጠረ፤ አዲሱን ቡድን ሲያስገባ አሮጌውን ስም በስህተት ለጥፎበት ይሆናል። ከፍቶ አየ። የቡድኑ ቁጥር አሮጌው ነው፤ የሬዲዮውም መለያ ቁጥር የክላይድ ነው። ቀጥሎ ማማዎቹን ጠረጠረ። የሁለት ማማ ድምፅ እኩል ሲደርስ እርስ በርሱ ተጋጭቶ ንግግሩን እንዲህ የሚፈጭበት ጊዜ አለ። የጣራውን አንቴና ነቅሎ ትንሿን ሰካ። የተፈጨው ድምፅ አልጠራም፤ ይብሱን ደከመ እንጂ። አንቴናውን መለሰ።

እንደገና መጣ። ሁለቴ።

አሁን ማማዎቹን፣ ሌሎቹን እያጠፋ፣ አንድ በአንድ ለየብቻቸው ያዳምጥ ጀመር። የቅርቡን ማማ ብቻ ሲተው ዝም። የደቡቡን ብቻ ሲተው ዝም። በሰሜን በኩል ጫካው መካከል ያለውን የግሬይ ሪጅ ማማ ብቻ ሲከፍት ስሙ ሁለቴ ብልጭ አለ።

ሬይኖ እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረ። ይህ ሥርዓት ደረቅ ነው፤ ለማንም አያደላም። አንድ ቡድን በአንድ ማማ ላይ የሚሰማው፣ በዚያ ማማ ሥር በዚያ ቡድን ላይ የተከፈተ ሬዲዮ ካለ ብቻ ነው። ጋራዡ ያለው ደግሞ ከቤቱ አጠገብ፣ በቅርቡ ማማ ሥር ነው። እንግዲህ የክላይድ ሬዲዮ ጋራዡ ውስጥ የለም። ግሬይ ሪጅ ነው። የሰው ቤት የሌለበት ቦታ ነው፤ ጫካ፣ ገደልና ጠራጊዎች የሚዞሩበት አንድ ሜዳ ብቻ።

ስካነሩ ላይ “ዝለል” የሚል ቁልፍ አለ። አንድ ጊዜ ከተጫኑት ያ ቡድን ሁለተኛ አይሰማም። አዳማጭ ሁሉ የሚያሰለቸውን ቡድን በዚያ ያባርራል። የሬይኖ አውራ ጣት በራሱ ጊዜ ሄዶ እዚያ ላይ አረፈ።

“አጥፋው በቃ፣ ሌላ ነገር እናዳምጥ” አለች አይሊ፣ ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀምጣ። እሷም አይታዋለች። “ሬይኖ፣ ስማኝ። ለማርሊስ ቃል ሰጥተሃል። ደውለህ አባትሽ ግሬይ ሪጅ ሆኖ እየጠራኝ ነው ልትላት ነው? በዚህ ቀን? ይቺ ልጅ ሁለተኛ ፊትህን አታይም።”

“አውቃለሁ።”

“የማሽን ብልሽት ቢሆንስ?”

“ቢሆንማ ደስ ይለኛል።”

ስሙ ብልጭ አለ። ከመጀመሪያው ጋር የመጣው ድምፅ አሁን ከሁሉም ረዘመ። ነፋስ ነው፤ ከነፋሱ ውስጥ ግን አንድ ነገር ከሩቅ ይጮኻል፣ ቀጭን፣ የውሃ ወፍ የመሰለ። በዚህ ብርድ የውሃ ወፍ የለም።

ሬይኖ አውራ ጣቱን አንሥቶ ስልኩን ያዘ።

“የአደጋ ጥሪ፣ ምን ገጠመዎት?” የማርሊስ ድምፅ ነው።

“ማርሊስ፣ ሬይኖ ነኝ። አይሊም ደህና ናት፣ እኔም ደህና ነኝ። አሁን የምነግርሽን ሳታቋርጪ ስሚኝ፤ ከዚያ ስደቢኝ።” ነገራት። የቡድኑን ቁጥር፣ የሬዲዮውን መለያ ቁጥር፣ ማማውን። ስሙን አልጠራም።

በስልኩ ውስጥ የሌሎች ሠራተኞች ንግግር ይሰማ ነበር።

“ያ ቁጥር የማን እንደሆነ ያውቃሉ አይደል?” አለች ማርሊስ።

“አውቃለሁ፣ ልጄ።”

“ቃል ገብተውልኝ ነበር እኮ።”

“ገብቼ ነበር። አፍርሼዋለሁ። ያ መኪና ጋራዥ ውስጥ አለ? ይህንን ብቻ ጠይቂልኝ። ካለ፣ እኔ ያረጀሁ ሞኝ ነኝ፤ ሳጥኑን ራሴ ሐይቅ እጥለዋለሁ።”

ስልኩን ሳትዘጋ በሌላ መስመር ጋራዡን ስታናግር ይሰማዋል። የጋራዡ አለቃ ድምፅ አይሰማም፤ የእሷ ብቻ። “አሮጌው መኪና... የአባቴ... ምን ማለት ነው የለም?... ዳርሲ? ዳርሲ በራሷ መኪና አይደለችም እንዴ?” ከዚያ ድምፅዋ ወደ ሬይኖ ተመለሰ፤ የሥራ ድምፅ ሆኗል፤ ቀጥ ያለ።

“ጋሽ ሬይኖ፣ የበረዶ ጠራጊዋ የዳርሲ መኪና ጠዋት ተበላሽቶ አሮጌውን ይዛ ወጥታለች። ግሬይ ሪጅ መዞሪያው ላይ ቆሜ ማዕበሉ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ ብላ በስልክ ነግራቸዋለች። ስለዚህ ማንም አልጠበቃትም። አሁን ስልኳን አታነሣም።”

“አሮጌውን ቡድን ከፍተሽ ጥሪያት። እዚያ ላይ ነው ያለችው። በአዲሱ አትሰማሽም።”

“እንዴት እዚያ ልትሆን ትችላለች? አዲሱን ነው የምትጠቀመው።”

“እኔ ምን አውቄ። አንቺ ጥሪያት።”

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። አይሊ መጥታ ትከሻውን ይዛ ቆመች። ለወራት የሰው ድምፅ ባልተሰማበት ቡድን ላይ የማርሊስ ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። “ይህን የሚሰማ ካለ። መናገር ካልተቻለ ሁለት ጊዜ ይጫኑ።”

ምንም። ውጭው ነጭ ነው። ነፋሱ ጣራውን አንሥቶ ያስቀምጣል።

“ዳርሲ። ማርሊስ ነኝ። ከሰማሽኝ ሁለት ጊዜ ተጫኚ።”

“ክላይድ” አለ የስካነሩ ፊት። ጠፋ። “ክላይድ”።

ሬይኖ ማርሊስ ፊት ያለው ማሽን ምን እንደሚያሳያት አያውቅም፤ ቁጥር ይሆን ስም። ከዚያ፣ “ሰምቼሻለሁ” አለች። “እየመጡልሽ ነው። እኔ አልሄድም፣ እዚሁ ነኝ። ሁለቴ ተጫኚልኝ... በጣም ጥሩ። ደግሞ...” እንዲህ ስታናግራት ቆየች። አንድ ትልቅ ጠራጊ ከፊት፣ አምቡላንስ ከኋላ ሆነው መንገዱን ሲያያዙት፣ ሲቆሙ፣ እንደገና ሲነሡ ሬይኖ አንዲትም አላመለጠችውም። ስሙ ብልጭ ማለቱ እየዘገየ ሲሄድ አይሊ ጥፍሯን ትከሻው ላይ ተከለች። በመጨረሻ አንድ የማያውቀው ሰው፣ እያለከለከ፣ “አገኘናት። ትተነፍሳለች” አለ።

ነገሩ በኋላ ተጣራ። ዳርሲ ስልክ ከደወለች በኋላ ጀርባዋን ለነፋሱ ልትሰጥ መኪናውን ስታንቀሳቅስ፣ የመዞሪያው ጠርዝ በረዶ ሥር ተደብቆ ኖሮ ወደ ገደሉ ተንሸራተተች። መኪናው በጎኑ ወደቀ። የሬዲዮው መቀያየሪያ ተመትቶ ከአዲሱ ቡድን ወደ አሮጌው ዞረ፤ አሮጌውን ማንም አያዳምጠውም፣ ከአንድ ሽማግሌ በቀር።

በረዶው ቀልጦ ጭቃው ሲደርቅ ዳርሲ በክራንች እየተደገፈች ላህቲ ቤይ መጣች። ማርሊስ ናት የነዳችላት። ዳርሲ ሳቂታ ልጅ ናት፤ አይሊ ያቀረበችላትን ፓስቲ በላች፣ ሁለተኛም ጠየቀች።

“እኔ ግን የምጠይቅሽ አለ” አለ ሬይኖ። “መጀመሪያ ስትጫኚ ሁለት ሁለቴ እንድትጫኚ ማን ነገረሽ?”

“ማርሊስ ናት የነገረችኝ።”

“ከማርሊስ በፊት ማለቴ ነው።”

ዳርሲ ማኘኳን አቆመች። “ከማርሊስ በፊት አልተጫንኩም። እጄም እግሬም ተይዞ ነበር። ማይኩ አንገቴ ሥር ወድቆ ስለነበር ስትጠራኝ በአገጬ ነው የተጫንኩት። ከዚያ በፊት ራሴን አላውቅም።”

“ሉሲየን መኪናው በነፋሱ ሲናጥ ጭንቅላቷ ማይኩን ይጫነው ነበር ብሏል” አለች ማርሊስ ቶሎ ብላ። “ባለሙያዎቹም እንደዚያ ነው ያሉት።”

“ይሆናላ” አለች ዳርሲ። “ብቻ፣ ስትነጋገሩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ለሐኪሞቹ ስነግራቸው ሕልም ነው አሉኝ። እዚያ ተኝቼ ከውጭ ብረት የሚመታ ነበር። የመጡልኝ መስሎኝ ነበር። በብረት በረዶውን እንደሚመቱት ያለ። ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ያርፋል፤ ደግሞ ጠቅ፣ ጠቅ። ማርሊስ ስትጠራኝ ቆመ።”

አይሊ ድስቱን ይዛ እንደቆመች ቀረች። ሬይኖን አየችው፤ ሬይኖ መስኮቱን ያያል። ከመስኮቱ ባሻገር ሐይቁ ተከፍቶ፣ የመጨረሻው በረዶ በጥቁሩ ውሃ ላይ እየተሰባበረ ይሄዳል። የኡርሆን ነገር ለዳርሲ የነገራት የለም። ሊነግራትም አልፈለገም።

ሲሄዱ ማርሊስ ወደ ኋላ ቀረች። ዳርሲ መኪናው ውስጥ ገብታ እስክትቀመጥ ጠብቃ፣ እንደዚያን ቀን በር ላይ ቆማ፣ “ጋሽ ሬይኖ፣ ስሙን አጠፉት?” አለችው።

“አላጠፋሁትም። አጥፋው ካልሽ ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ።”

“አይ። ይተዉት።” ጥቂት አመነታች። “አባቴ ነበር ብለው ያምናሉ? እውነቱን ይንገሩኝ።”

የሐይቁ ነፋስ በሩን ሊዘጋው ሲገፋ ሬይኖ በክርኑ ያዘው።

“እኔ እንጃ ልጄ” አላት። “ክላይድ ይሁን፣ ነፋስ ይሁን፣ ሌላ የማውቀው ሰው ይሁን፣ ያን ቀንም አላወቅሁም፣ ዛሬም አላውቅም። እናቴ አንድ ጊዜ ድምፅ ሰምታ ማን እንደሆነ ስላልለየችው በሩን ዘጋችው። ክፉ ሰው ሆና አይደለም፤ ብርድ ስለነበረ ነው። እኔም ጣቴ “ዝለል” የሚለው ቁልፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዕድሜዬን ሁሉ ስካነር ስነካካ ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፤ ስለ አንቴናው፣ ስለ ማማው፣ ስለ ቁጥሩ። ሁሉም ደስ ይላል። የጠቀመኝ ግን አንድ ነገር ነው፦ የጠራኝን ሳላውቀው ጣቴን ማንሣቴ። በይ ሂጂ፣ ልጅቷ ብርድ ላይ ናት።”